«ለውዝ አልኩት»

የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ትኬት ሹም ሳህሌ፣ ግማሽ ብስኩት በእጁ እንደያዘ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቷል። ከንፈሩ አብጦ፣ ዐይኖቹ በእብጠት ተከድነዋል። መቶ አለቃ አያና ሲደርስ ብስኩቱን የጋገረችው መበለት፣ እትዬ አሰጋሽ፣ በካቴና ታስራ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። የአስር ሰዓቱ ባቡር ወደ ወህኒ ሊወስዳት ነው። መርዛዋለች ተብሎ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል።

አያና ግን መቸኮል አይወድም። ብስኩት አንስቶ አሸተተ፤ ኮረሪማ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ። መንገድ ጠጋኙ ዱጉማ ከዚያው ሳጥን አራት ብስኩት እንደበላ ሳያፍር ተናገረ፤ እሱን ሐዲድ እንኳ ቢውጥ እንደማይገድለው ጨመረበት። መዝጋቢው በዛብህም በልቶ ደህና ነው።

ብስኩቱን በምን እንደጋገረችው አያና ሲጠይቃት፣ አሰጋሽ መለሰች።

«ሌላ ጊዜ በቅቤ ነው የምጋግረው። ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ፣ ለጾሙ ብዬ በቅቤው ፋንታ ለውዝ ወቅጬ ጨመርኩ። ሳህሌ ምን አለበት ሲለኝ ለውዝ አልኩት። የጅቡቲ ለውዝ ናፍቆኝ ነበር ብሎ ሳቀ።»

«ማን ሰማ?»

«ዱጉማም በዛብህም እዚሁ ነበሩ። በዛብህማ ጠዋት ስፈለፍል መጥቶ እፍኝ ዘግኖብኛል፤ እጁ መች ያርፋል።»

የሟቹ ሚስት ዙፋን አያናን ለብቻው ጠርታ ነገረችው። ባሏ ከልጅነቱ ኦቾሎኒ ከቀመሰ ጉሮሮው ይዘጋል። ጅቡቲ ሲሠራ ለውዝ ብሎ የለመደው ግን ሌላ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣውን፣ ረዘም ያለውን፣ ፈረንጆች አልሞንድ የሚሉትን። እሱን ይወደው ነበር። በዛብህም እዚያው ስምንት ዓመት አብሮት ሠርቷል። በቅርቡ የሚሰጠው የጣቢያ አለቃነት ሹመት ደግሞ ከሁለቱ ለአንዳቸው ነበር።

በዛብህ ብስኩቱ ውስጥ ምን እንዳለ እንደማያውቅ ተናገረ። ቀጥሎም አከለበት።

«ኦቾሎኒ እንደማይስማማው እያወቀ ለምን አፉ ውስጥ ከተተው? እኔ ምን ላድርግ።»

አያና ሁሉንም ትኬት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«መርዝ የለም» አለ። «ለእትዬ አሰጋሽ ለውዝና ኦቾሎኒ አንድ ናቸው፤ ለሟቹ ግን ሁለት። እሳቸው ከጠዋት ጀምሮ ኦቾሎኒ የሚል ቃል አልወጣቸውም። ወይዘሮ ዙፋንም የነገሩኝ ለብቻዬ ነው። አቶ በዛብህ፣ እርስዎ ግን ብስኩቱ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም ብለው ሲያበቁ ኦቾሎኒ አሉኝ። ጠዋት ዘግነው ቀምሰዋል፤ የሳህሌንም ሕመም፣ የጅቡቲውንም ስም ያውቃሉ። ሰውየው ሲስቅ ምን ሊበላ እንደሆነ የገባዎት እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

በዛብህ ቀና አለ። «እኔ ምንም አላልኩም።»

«አላሉም። የገደለውም ያ ዝምታዎ ነው።»

አያና የሚያውቀውን ሕግ ሁሉ በልቡ አገላበጠ፤ ዝም ያለን ሰው የሚይዝበት አንቀጽ አላገኘም። ከሩቅ ባቡሩ ጮኸ። ባቡሩን በባንዲራ ምልክት ሰጥቶ የሚቀበል ሌላ ሰው አልነበረምና፣ በዛብህ የሳህሌን ባንዲራ ከግድግዳው አንስቶ ወጣ።

አያና ካቴናውን ፈታ። «ነፃ ነዎት እትዬ። ይሂዱ።»

አሰጋሽ ከአግዳሚው አልተነሳችም። የተፈቱ እጆቿን እንደታሰሩ ሁሉ ገጥማ ይዛለች።

«ኦቾሎኒ ብዬው ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር?» አለችው።

አያና ካቴናውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠ።