ስሙን ያልተናገረው ሰው

«እስቲ ድገሚልኝ» አለ እስጢፋኖስ፣ ስልኩን በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ወደ ልጁ እየገፋ። «የመክፈቻዋን ምልክት ዓይኔ አላገኛትም።»

ዝማሬ ምልክቷን ነካችለት። ወፍራም የወንድ ድምፅ ጠባቧን የመካኒሳ ሱቅ ሞላት።

«ስሜን አልናገርም። ቺፑን ከሚሠሩት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ፓስፖርታችሁ ውስጥ የገባችው ያቺ ትንሽ ነገር የምትሄዱበትን ትመዘግባለች፤ የምትናገሩትን ትሰማለች። ቤታችሁ ስትገቡ አብራችሁ ትገባለች። ስትተኙ እሷ አትተኛም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ዝማሬ ከሰውዬው ቀድማ በልቧ ጨረሰቻት። የጻፈቻት ራሷ ናት።

ከሁለት ወር በፊት መምህርት ትሩፋት ለምትመራው የትምህርት ቤታቸው ሚኒ ሚዲያ ክበብ አጭር ድራማ ጽፋ ነበር። በድራማው ውስጥ ስሙን የማይናገር ሰው ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ሰዎችን በአዲሱ ፓስፖርት ያስፈራራል፤ መጨረሻ ላይ «ቺፑን የሚያፍን» የፕላስቲክ ልባስ ሊሸጥላቸው ሲል ይነቁበታል። ሰውዬውን ሆኖ የተጫወተው የክፍሏ ልጅ ሚሳኤል ነው። ገና ዐሥራ አምስት ዓመቱ ቢሆንም ድምፁን የሰማ ሁሉ የልጆች አባት ይመስለዋል። የቀረጹትም በእሱ ስልክ ነበር። በኋላ ግን «ፋይሉ ጠፋ፤ ስልኬ ተበላሽቶ ሁሉም ነገር ተደመሰሰ» አላት። ድራማው ሳይተላለፍ ቀረ፤ እሷም አዝና ተወችው።

አሁን በአባቷ ስልክ ላይ ልባሱም፣ የነቁበት ሰዎችም የሉም። ማስፈራሪያው ብቻ ተቆርጦ ቀርቷል።

«ማን ላከልህ?» አለች።

«ከበበው» አለ አባቷ። ከበበው ከጎናቸው ያለው የጫማ ሱቅ ባለቤት ነው። «እሱም ከቴሌግራም ነው ያገኘው።» መቀሱን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት እንጂ፣ ፓስፖርቴ ደርሷል። ውሰድ የሚል መልእክት ከመጣልኝ ዘጠኝ ቀኑ ነው።»

«ዘጠኝ ቀን?»

«እግሬ አልሄድልህ አለኝ።»

ከአባቷ ዓይን ጀርባ ትንሽ እጢ አለች። ክፉ በሽታ አይደለችም፤ ግን በየወሩ እያደገች የዓይኑን ነርቭ ትጫናለች። ሐኪሞቹ በቶሎ ካልወጣች የተጫነችው ነርቭ ተመልሶ እንደማይድን ነግረውታል። ቤተ ዘመድ ተረባርቦ ሕንድ አገር ሆስፒታል ተገኝቷል፤ ቀጠሮውም ለሰኔ መጀመሪያ ተይዟል። የቀረው ቪዛ ነው። ቪዛው ደግሞ ያለ ፓስፖርት አይጠየቅም።

አንዲት ሴት ቀሚስ ልታሳጥር ገባች። ዝማሬ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ከመካኒሳ ጀሞ እስክትደርስ ታክሲ ውስጥ ሆና ስልኳን ስትፈትሽ ያንኑ ድምፅ በሦስት ቻናሎች ላይ አገኘችው። አንደኛው የሚነድ ፓስፖርት ምስል ለጥፎበታል። ከሥሩ ሰዎች «እኔም አልወስድም»፣ «ቀድሜ ጠርጥሬ ነበር» እያሉ ጽፈዋል።

ሚሳኤል የሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ከእነሱ ሁለት ብሎክ አልፎ ነው። ከደረጃው ሥር ብስክሌቱን ሲያጥብ አገኘችው።

«ፋይሉ ጠፋ አላልከኝም?»

ቀና ብሎ ፊቷን አየና ውሃውን ዘጋ።

«ማን ነገረሽ?»

«አባቴ ነው ያሰማኝ። እውነት መስሎት።»

«አቦ ዝማሬ፣ ቀልድ እኮ ነበር» አለ ሚሳኤል። «ለአምስት ጓደኞቼ ብቻ ነው የላክሁት። ድምፄን ይለዩት እንደሆነ ለማየት ብዬ። አንዱ ቻናል ላይ ለቀቀው፤ ነፍ ሰው አየው። እንዲያጠፋው ለመንኩት፣ አጠፋው፤ ግን ሌሎቹ ቀድተውታል።»

«እኔን ለምን ዋሸኸኝ?»

«ፈራሁሻ።»

ስለ አባቷ ነገረችው። ስለ ዓይኑ እጢ፣ ስለ ቀጠሮው፣ ስለ ዘጠኙ ቀን። ሚሳኤል እጁን በሱሪው እየጠረገ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«አላወቅሁም» አለ። «በእግዚአብሔር፣ አላወቅሁም። ግን ስሚ፣ ውሸት መሆኑን ኢንተርኔት ላይ አነበብኩ በያቸው። አንቺን ያምኑሻል። መምህርት ትሩፋት ከሰማች ሁለታችንንም ከክበቡ ነው የምታስወጣን። ለአንቺም ብዬ ነው።»

ዝማሬ መልስ ሳትሰጠው ወደ ቤቷ ሄደች። ሐሳቡ ግን ደረጃውን ስትወጣ አልተለያትም። መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። አባቷ ማንበብ እንደምትወድ ያውቃል፤ «አነበብኩ» ብትለው ይሰማታል። ከዚያስ? «ማን ነው የጻፈው?» ይላታል። እሷም «አላውቅም» ትለዋለች። ስሙን ያልተናገረ አንድ ሰው አስፈራራው፤ ስሙን ያልተናገረ ሌላ ሰው አይዞህ አለው። አባቷ የትኛውን ይመን?

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እናቷ አምሳለ አትክልት ልትገዛ ወደ ጉልት ታጠፈች። ዝማሬና አባቷ ብቻቸውን ቀሩ። አባቷ የመንገዱን ጠርዝ በደንብ ስለማያየው ክንዷን ይዟል።

«አባዬ፣ ያንን ሰውዬ አውቀዋለሁ።»

«የቱን?»

«ስሜን አልናገርም የሚለውን። ሚሳኤል ነው። የክፍሌ ልጅ።»

እስጢፋኖስ ቆመ። እሷም ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ ድራማውን፣ የተቆረጠውን መጨረሻ፣ የጠፋውንና ያልጠፋውን ፋይል።

«ልጅ ነው?» አለ አባቷ ቀስ ብሎ። «ያ ድምፅ የልጅ ነው?»

«ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው።»

«ስትተኙ እሷ አትተኛም የሚለውንስ ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

አባቷ ወደ እሷ ዞረ። ደኅና ያይ በነበረበት ጊዜ ያደርግ እንደነበረው ዓይኗን ሊያይ ፊቱን አቀረበ። ዝማሬ ቁጣውን ጠበቀች።

«ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሣኝ ብታውቂ» አለና ሳቅ አመለጠው። አጭር ሳቅ ነበር፤ ወዲያው ቆመ። «ዘጠኝ ቀን። አምሳለ ስታውቅ ትገድለኛለች።»

«ይቅርታ አባዬ።»

«ቆይ። ፍርሃቱን ሁሉ አንቺ አላመጣሽውም።» መንገድ ጀመሩ። «አሻራዬን የሰጠሁ ዕለትም ቅር ብሎኝ ነበር። እኔ ልብስ ስገዛ ገበሩን ገልብጬ ነው የማየው። የፓስፖርቱን ገበር ግን አላየሁትም። ማን ያስቀምጠዋል፣ ማን ያየዋል፣ አልጠየቅሁም። ይኼ ልጅ ሲመጣ ያንኑ ቅሬታዬን አገኘና አሳበጠው።»

«እንጠይቃቸዋ። አብሬህ እሄዳለሁ።»

ትንሽ አሰበ። «ማክሰኞ ትምህርት የላችሁም አላልሽኝም?»

ማክሰኞ የፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ ሰልፍ የፈሩትን ያህል አልረዘመም። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ወጣት ሠራተኛ ስሙን ጠይቃ ፓስፖርቱን አወጣች። እስጢፋኖስ ግን እጁን አልዘረጋም።

«ከመፈረሜ በፊት የምጠይቅሽ ነበረኝ፣ የኔ እኅት። ቺፗ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

ሠራተኛዋ ከኋላቸው ያለውን ሰልፍ አየች። ከዚያ ወደ እሱ ዘንበል አለች። ጥያቄው አዲስ እንዳልሆነባት ያስታውቃል።

«የሰጡን መረጃ ነው አባቴ። ፎቶዎ፣ ስምዎ፣ የትውልድ ቀንዎ፤ እዚህ ገጽ ላይ የሚያዩት።»

«የምናገረውን ትሰማለች?»

«አትሰማም። ባትሪም የላትም። ማንበቢያው ማሽን አጠገብ ካልቀረበች በስተቀር ምንም አትሠራም።»

«መረጃዬንስ ማን ይይዘዋል?»

«መሥሪያ ቤቱ ነው የሚይዘው።»

«አደራ እንግዲህ» አለ እስጢፋኖስ። «ሰው ነው የሚይዘው ማለት ነው።»

ሠራተኛዋ ፈገግ አለች። እሱም እጁን ዘረጋ። ፓስፖርቱን ተቀብሎ ሽፋኑን በአውራ ጣቱ፣ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው።

«የታለች?»

«በእጅ አትለይም» አለችው።

የመፈረሚያው መስመር አልታየውም። ዝማሬ የብዕሩን ጫፍ ቦታው ላይ አሳረፈችለትና ፈረመ።

ውጭ ሲወጡ ፀሐይ ነበር። እስጢፋኖስ ፓስፖርቱን የውስጥ ኪሱ ውስጥ ከትቶ አዝራሩን ቆለፈ። ከዚያ ለአምሳለ ደወለና እውነቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገራት። ዝማሬ የእናቷን ጩኸት ለመስማት ተዘጋጅታ ነበር። ከስልኩ የተሰማው ግን ረጅም ትንፋሽ ነው።

«ያዝከው? እጅህ ላይ ነው?» አለች አምሳለ። «በቃ ኑ። ዛሬ ሱቅ አትግባ። ኑና ምሳ እንብላ።»

ዝማሬ ከቅዳሜ ወዲህ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር መነሣቱን ያወቀችው ያኔ ነው። ርቧታል። ቅዳሜና እሑድ ምን እንደበላች እንኳ አታስታውስም።

ታክሲ ሲጠብቁ ስልኳ ጠራ። ሚሳኤል ነው።

«ሄዱ?» አለ፤ ወፍራሙ ድምፁ ቀጭን ሆኖ።

«ወሰደ። አሁን አብሬው ነኝ።»

በእፎይታ ሲተነፍስ ሰማችው።

«ስሜን ነገርሻቸው?»

«ነገርኩት። የእኔንም ነገርኩት።»

«ምን አሉ?»

«ሌላ ጊዜ ጥሩ ነገር አስነብቢው አለኝ።»

ሚሳኤል ሊስቅ ሞከረና ተወው። «ዝማሬ፣ ሙሉው ድራማ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ለመምህርት ትሩፋት ልስጣት አስቤ ነበር። ሳስበው ግን ቢሮዋ በር ላይ ደርሼ የምመለስ ይመስለኛል።»

የጀሞ ታክሲ መጣ፤ ረዳቱ እየተጣራ ነው። ዝማሬ የአባቷን ክንድ ያዘች። ከክበቡ መውጣት ምን ያህል እንደሚከፋት አሰበች። ሐሙስ ሐሙስ የምታነበውን ዜና፣ በእጇ የሚሞቀውን ማይክራፎን አሰበች። ከዚያ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«ነገ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ቢሮዋ ጋ ጠብቀኝ» አለችው። «አብረን እንገባለን።»