ለእንግዳ የተቆለፈው ሳሎን

እኔ አናጢ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለትምህርት ቤቶች ዴስክ ስሠራ ኖሬያለሁ። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሜትሬን ይዤ ክፍል ድረስ እሄድና የልጆቹን ቁመት እለካለሁ፤ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነም አያለሁ። ርእሰ መምህራኑ «ምን ያደክምሃል፣ ዝም ብለህ ሥራው» ሲሉኝ፣ «እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ምን ይገባዋል?» እያልኩ እከራከራቸዋለሁ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። እንዲህ እያለ የሚከራከረው ሰውዬ በገዛ ቤቱ ያደረገውን ሰምታችሁ እንድትፈርዱ ነው።

ቤታችን መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤትና ሳሎን አላት። ሳሎኑ ከሁሉም ሰፊ ነው፤ ብርሃንም እንደ ልብ ይገባበታል። ሶፋው ጨርቅ ለብሷል፣ ጠረጴዛው ላስቲክ ለብሷል፣ በሩ ደግሞ ይቆለፋል። ለምን ቢባል፣ ለእንግዳ! እንግዳ በዓመት አምስት ጊዜ ቢመጣ ነው። የቀረውን ጊዜ እኔና ባለቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን እንኖር ነበር።

ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። አምና በኢንተርኔት የመድኃኒት ቤት ረዳትነት ትምህርት ጀመረች። ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል በመሥሪያ ቤቷ መድኃኒት ክፍል አንድ ቦታ ተከፈተ፤ እስከዚያ ወር መጨረሻ የምስክር ወረቀቷን ካመጣች የእሷ ነው፣ ካላመጣች ለሌላ ሰው ይሰጣል። አሥራ አንድ ዓመት ካርድ ስትፈልግ የኖረች ሴት ይህን ቦታ ምን ያህል እንደተመኘችው አውቃለሁ። አውቃለሁ እል ነበር ማለት ይሻላል።

ስልኳን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፋ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትማራለች። ዴስክ ሠሪው ባሏ በአጠገቧ ያልፋል፣ የድስት ክዳን ያነሣል፣ «እራት ምንድን ነው?» ይላል።

መምህሯ ትምህርቱ ካለቀ በኋላም የኢንተርኔት ክፍሉን ለግማሽ ሰዓት አትዘጋውም። አምስቱ ተማሪዎች እዚያው ይቆያሉ፤ አንዷ ሱቋ ውስጥ ሆና፣ አንዷ ልጇን እያጠባች። የመድኃኒት ስም በየተራ ይጠያየቃሉ። አንዷ ስትሳሳት ሌሎቹ ይስቁና ያርሟታል። ለእኔ የሚሰማኝ ግን ሳቁ ብቻ ነበር።

«ትምህርቱ አልቆ የለም እንዴ? ይሄማ ወሬ ነው» አልኳት አንድ ቀን።

«ወሬ አይደለም። መምህሯን ለመጠየቅ ያፈርኩትን እዚህ ነው የምጠይቀው።» ቀጠል አድርጋም፣ «ለመሆኑ ሳሎን ገብቼ ብማርስ?» አለችኝ።

«እንግዳ ቢመጣስ?»

«ሲመጣ እነሣለኋ!»

«ወረቀትሽን አዝረክርከሽው? ተይ እንጂ! መማር የፈለገ ሰው የትም ሆኖ ይማራል።»

አዎ፣ ይህን ያልኩት እኔው ነኝ፣ ባለ ሜትሩ።

የመጨረሻው ፈተና የቃል ነበር። መምህሯ በስልኩ ካሜራ እያየቻት ትጠይቃታለች። ሌላ ሰው ከታየ ወይም ድምፁ ከተሰማ ፈተናው ይሰረዛል። ባለቤቴ ጠዋት ይህንኑ ነግራኝ «እሺ» ብያታለሁ። እሺ ማለት ለእኔ ቀላል ነው።

ከሰዓት በኋላ ውሃ ጠምቶኝ ከሥራ ገባሁና በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት። አንድ ሽሮፕ ለሕፃን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ እያስረዳች ነበር።

«ኧረ ያ ትልቁ ብርጭቆ የት ገባ?» አልኩ።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ መምህሯ «እህቴ፣ አዝናለሁ፣ ማቋረጥ አለብኝ። ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ዕድል አለሽ፤ ከዚያ ወዲያ የከርሞ ነው» አለች። ለእኔም ቃል አልነፈገችኝም፦ «ጌታዬ፣ እስካሁን የመለሰችው ሁሉ ትክክል ነበር።» ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለቤቴ አልጮኸችብኝም። ብርጭቆውን አውርዳ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ሳሎኑን ከፈትኩ፤ ጨርቁንም ላስቲኩንም ገፈፍኩ። ከዚያ ሜትሬን አወጣሁ።

«ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ።»

«ደግሞ ምን ልታደርገኝ ነው?»

«ልለካሽ።»

«በሃያ ሦስት ዓመት ትዳር ዛሬ ገና ቁመቴን ልታውቅ!» ብላ ሳቀች። ሳቋን ስሰማ ነፍሴ መለስ አለች።

በልኳ ጠረጴዛ ሠራሁላት፤ ስልኩ ከዓይኗ ትይዩ የሚቆምበት እንጨት፣ ለቻርጀሩ ገመድም ማሾለኪያ ቀዳዳ አበጀሁ። ጠረጴዛውን ጀርባዋን ለመስኮቱ እንድትሰጥ አድርጌ ሳስቀምጠው «አዙረው፤ ብርሃኑ ከኋላዬ ከሆነ ፊቴ ለመምህሬ ይጨልምባታል» አለችኝ። እኔም ተማርኩ ማለት ነው። የሴቶቹ የግማሽ ሰዓት ጥያቄና መልስ ሲጀመር ደግሞ በሩን ዘግቼላት እወጣ ጀመር።

በአሥረኛው ቀን ፈተናው እንደተጀመረ ታላቅ ወንድሜ ከተፍ አሉ። ጋሼ መቼም ደውለው አያውቁም። ሰተት ብለው ወደ ሳሎኑ ሲያመሩ ቀደምኳቸውና በሩን በጀርባዬ ዘጋሁት።

«ጋሼ፣ ዛሬ በወጥ ቤት በኩል።»

«እኔ ወጥ ቤት ልቀመጥ? ማን መጥቶብህ ነው?»

«ማንም። ባለቤቴ ፈተና ላይ ናት።»

«እና እኔን ለስልክ ብለህ ምድጃ ሥር ልታስቀምጠኝ?»

ያሳደጉኝ ወንድሜ ናቸው፤ እምቢ ብያቸው አላውቅም። ድምፃቸው ከፍ ካለ ደግሞ የባለቤቴ ዓመት ገደል መግባቱ ነው። «ጋሼ፣ ይቆጡኝ፤ ብቻ በሹክሹክታ ይቆጡኝ» አልኳቸው።

አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ የባለቤቴ ድምፅ በበሩ አልፎ መጣ፦ «ይህ የመገጣጠሚያ ሕመም ኪኒን የሚወሰደው ከምግብ በኋላ ነው። በባዶ ሆድ ከሆነ ጨጓራ ይጎዳል።» የኪኒኑንም ስም ጠራችው።

ጋሼ እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ሰደዱና የራሳቸውን ኪኒን አወጡ። ስሙን እያዩ «እኔ እኮ በባዶ ሆዴ ነው የምውጠው» አሉኝ፣ በሹክሹክታ። ከዚያ ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ። ምስጋና ይግባቸውና እስኪያልቅ ትንፍሽ አላሉም።

በሩ ሲከፈት ባለቤቴ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ፊቷ ይስቅ ነበር። «አለፍኩ! ወሩ ሳያልቅ ወረቀቴን አደርሳለሁ!» አለች። ጋሼን ስታይ ደነገጠች። «ውይ ጋሼ፣ ቆመው? ይግቡ፣ አሁኑኑ ወረቀቴን አነሣለሁ።»

«እንዳታነሺ!» አሉ ጋሼ። «እኔ ወጥ ቤት እቀመጣለሁ። አንቺ ብቻ ነይና ይሄን ኪኒን አስረጂኝ።»

ወገኖቼ፣ ቤታችሁ የሚማር ሰው ካለ «ትምህርት እንዴት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ስልክ ይዞ ሲስቅ ካያችሁት፣ ወሬ ነው ከማለታችሁ በፊት ጆሮ ስጡት። የት ተቀምጦ እንደሚማርም ሂዱና እዩ። እኔ ሳላይ አንድ ዓመት አለፈኝ፤ እሷ ግን ከዚያች በርጩማ ላይ አንድም ቀን አልቀረችም።