ኩሽና የሚለውን ብቻ

ሰውየው የሞተው ገና አንድ ሌሊት እንኳ ባላደረበት ቤት ውስጥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አልጋውንና ቁምሳጥኑን አስገቡ፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እሱ ኤሌክትሪክ ይዞት መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርሮ ተገኘ። ካቻቢቴው ከእጁ አልወጣም፤ አዲሱ የውሃ ማሞቂያ ግድግዳው ላይ በአንድ ብሎን ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ሚስቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ዘጠኙ ቀን እንዴት እንዳለፈ አታውቅም። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ብዪ ሲሏት በላች፤ ተኚ ሲሏት ጋደም አለች። እንባ ግን ጠብ አላላትም፤ ይህም ለባሏ አክስቶች ሌላ መነጋገሪያ ሆነላቸው። ቀኝ እጇ ከክርኗ በታች የሰው እጅ ይመስል ደንዝዟል። የመብራቱን ብሬከር ያነሳችው በዚያ እጅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ማብሪያ ነክታ አታውቅም፤ ሲመሽ ሌላ ሰው ካላበራላት በጨለማ ትቀመጣለች።

መርማሪዋ የመጣችው ሰኞ ጠዋት ነው። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ቀስ በቀስ» ይሏታል፤ ደረጃ ስትወጣም፣ ሰው ስትጠይቅም አትቸኩልም። ዶሴውን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ኮሪደሩ ላይ ካለው የብሬከር ሳጥን ፊት ቆመች።

«እስኪ ምንም ሳታስቀሪ ንገሪኝ እህቴ፤ ቀስ ብለሽ» አለቻት።

«ስድስቱንም አጥፍቶ ነበር። እሱ እንደዚያ ነው፤ ጠንቃቃ ነው። እኔ የኩሽናውን ወለል እየወለወልኩ፣ ፍሪጁ እንዲቀዘቅዝ ብዬ ‹ኩሽናውን ላብራው?› አልኩት። እሱም ከውስጥ ሆኖ ‹ኩሽና የሚለውን ብቻ› አለኝ።»

«አንቺስ?»

«ኩሽና የሚለውን አነሳሁ።»

«ስንተኛውን?»

«ከግራ ሦስተኛውን።»

ሁለቱም ቀና ብለው አዩ። ከእያንዳንዱ ብሬከር ሥር ሟቹ በእጁ የጻፈባት ነጭ የፕላስተር ቁራጭ ተለጥፋለች። ከሦስተኛው ሥር ያለችው «መታጠቢያ ቤት» ትላለች። «ኩሽና» የምትለው አራተኛው ሥር ነች።

«ፖሊሶቹም ይህንኑ አሳዩኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ልመናም የለም። «አሁን እኔም አላውቅም። ቸኩዬ ይሆናል። ብቻ እጄ ነው የገደለው።»

ዶሴውም ከዚህ የተለየ አይልም። ባለሙያ መጥቶ ፈትኗል፤ ሦስተኛው በትክክል መታጠቢያ ቤቱን፣ አራተኛው በትክክል ኩሽናውን ያበራል፤ ጽሑፉም የሟቹ ነው። እንግዲህ ሴትዮዋ ወይ ተሳስታለች፣ ወይ ሆን ብላለች። ዐቃቤ ሕጉ የሚጠብቀው የመርማሪዋን ቃል ብቻ ነው፤ የሚጠብቀውም እስከ ዛሬ ማታ ድረስ ነው።

«ስሞቹ የተለጠፉት መቼ ነው?»

«ሐሙስ ጠዋት። እሱ እዚህ ቆሞ አንድ ባንድ ያጠፋል፣ እኔ ከክፍል ክፍል እዞራለሁ። ‹ጠፋ?› ይለኛል፤ ‹ጠፋ› እለዋለሁ። እየሳቅን ነው የሠራነው።» እዚህ ላይ ድምፅዋ ትንሽ ሊሰበር አለና ተመልሶ ደረቀ።

ፍሪጁ በር ላይ የሟቹ ዝርዝር ተለጥፏል። አዲስ ቤት የገባ ሰው ሁሉ የሚጽፈው ዓይነት ነው፦ ቁልፍ መቀየር፣ ብሬከር ላይ ስም መጻፍ፣ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ማግኘት፣ ኮርኒስ ማስቀባት፣ ምድጃ፣ የውሃ ማሞቂያ። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው በቀር ሁሉም ምልክት ተደርጎባቸዋል። የመርማሪዋ ዓይን የመጀመሪያው ላይ ቆየ።

«ቁልፉ አልተቀየረም?»

«ነገ፣ ነገ ሲል።»

«ስትጮሂ ማን ቀድሞ ደረሰ?»

«ጋሼ፤ የባሌ ታላቅ ወንድም። ቤቱ ሁለት በር አልፎ ነው። ኤሌክትሪሺያን ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ሳጥኑ ሄዶ ሁሉንም አጠፋ። እኔ ባሌን እየነቀነቅኩ ‹ጋሼ ና አግዘኝ› እለው ነበር። ትንሽ ቆየብኝ። ወይ ደግሞ ለኔ መስሎኝ ይሆናል፤ የዚያን ቀን ሰዓቱ ሁሉ የተዛባ ነበር።»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ አጉሊ መነጽር አውጥታ ሳጥኑ ላይ ተደፋች። እንደዚያ ሆና ብዙ ቆየች።

ቀለም ቀቢው ተጠርቶ ሲመጣ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ነበር። የተጠረጠረ መስሎታል።

«ይህን ኮርኒስ መቼ ነው የቀባኸው?»

«ሐሙስ ከሰዓት። በማግስቱ ዝር አላልኩም፤ ሌላ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አሠሪዬ ምስክሬ ነው።»

«ቀለም አንጠባጥበሃል?»

ልጁ ከግድያው ይልቅ በዚህኛው ተቆጣ። «የኔ ሮለር አይንጠባጠብም እመቤቴ። ከመቀባቴ በፊት ሁሉን ነገር በጋዜጣ እሸፍናለሁ። የሰፈሩን ሰው ይጠይቁ።»

«ሳጥኑንም ሸፍነህ ነበር?»

«እሱን… እሱን እንኳ ጋዜጣው አልበቃኝም።»

«እኔ ኮርኒሱን ልነቅፍ አልመጣሁም። ተንጠባጥቧል ወይስ አልተንጠባጠበም?»

«ጥቂት» አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ። «ባለቤቱ አይቶ ስቆ አለፈኝ። ነፍሱን ይማር።»

ታላቅ ወንድምየው ዓይኑ ደም ለብሷል። የሬሳ ሳጥን ገዝቶ ያስቀበረ እሱ፣ ወንበር የተዋሰ እሱ፣ እንግዳ የሸኘ እሱ ነው። ከመርማሪዋ ፊት ሲቀመጥ ገና ሳይጠየቅ ስለ ወንድሙ ሚስት መናገር ጀመረ።

«ስህተት ነው እንጂ ተንኮል አይደለም። አትፍረዱባት። እኔ ይቅር ብያታለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ከበሩ አጠገብ ሆና ሰማችው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። በሰማችው ቁጥር ታመሰግነዋለች፤ በሰማችው ቁጥርም እጇ ይበልጥ ይደነዝዛል።

«ዓርብ እዚህ ነበሩ?»

«እነሱ አሮጌው ቤት ዕቃ ሲያስሩ ምድጃው መጣና ተቀበልኩላቸው። ቦታው ላይ አስቀመጥኩት፣ ወጣሁ።»

«ሳጥኑን ከፍተዋል?»

«ለምን ብዬ?»

መርማሪዋ አመሰገነችው። ከዚያ ኩሽና ገብታ ምድጃውን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጋ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች፤ ተመልሳም ብሬከሮቹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አየች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቤቱን የሸጡት አዛውንት በር ላይ ደረሱ። ለቅሶ ከደረሱ በኋላ ይህ ሁለተኛቸው ነው። አንኳኩተው ገቡና ከግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ሠላሳ ዓመት ኖረውበታል፤ የቱ ጋ እንደሚቀመጡ መቼም ማንም አያሳያቸውም።

«በሉ ሁላችሁም ወደ ኮሪደሩ ኑልኝ» አለች መርማሪዋ።

አራቱም ሳጥኑ ፊት ቆሙ። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደግፋለች። እንድትታሰር የሚወሰን ከሆነ እዚሁ እንደምትሰማው ታውቃለች፤ ግን ስለ ሌላ ሴት የሚወራ ነበር የሚመስላት።

«በቀለም ጠብታ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ከሦስተኛው ብሬከር ሥር፣ ‹መታጠቢያ ቤት› የሚለው ፕላስተር ጠርዝ አጠገብ፣ ብረቱ ላይ ግማሽ ጠብታ አለ። ግማሽ ብቻ፤ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ሌላው ግማሽ የት ሄደ? አራተኛው ሥር፣ ‹ኩሽና› የሚለው ፕላስተር ላይ ነው ያለው፤ እዚያ ደግሞ አጠገቡ ያለው ብረት ንጹሕ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት ይህ ልጅ ቀለም ሲያንጠባጥብ ‹ኩሽና› የተለጠፈው ሦስተኛው ሥር ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው አንስቶ አዘዋውሯቸዋል።»

ቀለም ቀቢው በጥፋቱ ይኩራ ይፈር ግራ ገባው።

«ሐሙስ ጠዋት ባልና ሚስት አንድ ባንድ እያጠፉ ፈትነው ነው የለጠፉት። ያን ቀን ኩሽናው በሦስተኛው ይበራ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ግን በአራተኛው ነው የሚበራው። ስለዚህ የተዘዋወረው ፕላስተሩ ብቻ አይደለም፤ ውስጥ ያለው ሽቦም ነው። የክዳኑ ብሎኖች ላይ የፈሰሰው ቀለም በካቻቢቴ ተፍቋል። ሳጥኑ ከሐሙስ በኋላ ተከፍቷል።»

«ሽቦ ማን ይነካል?» አለ ታላቅ ወንድምየው።

«ምክንያት ያለው ሰው። ሦስተኛው ብሬከር አቅሙ ትንሽ ነው፤ አዲሱን ምድጃ አይችልም። አራተኛው ይችላል። ምድጃው ዓርብ ባይመጣ ኖሮ ሽቦ የሚያለዋውጥ ሰው አይኖርም ነበር። ዓርብ ደግሞ ከምድጃው ጋር ብቻውን እዚህ የነበረ፣ ቁጥሩን አንብቦ የሚገባው አንድ ሰው ነው። ሥራው ጥሩ ሥራ ነው። የቀረው ፕላስተሩን ማዘዋወር ብቻ ነበር።»

«አዘዋውሬዋለሁ» አለ ወዲያው። «እሺ፣ ከፍቼዋለሁ። ግን ያኔውኑ፣ ዓርብ ዕለት ፕላስተሩንም አዘዋውሬዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ትክክል ነበር። እሷ ናት የተሳሳተችው።»

ነገሩ እንግዲህ በእሱ ቃልና በእሷ ቃል መካከል ቀረ፤ የእሷን ቃል ደግሞ እሷ ራሷ አታምነውም።

መርማሪዋ ወደ አዛውንቱ ዞረች። «አባባ፣ ቅድም በር ላይ ሲደርሱ እጅዎ መጀመሪያ ወደ ኪስዎ ነው የሄደው። ከዚያ ትዝ ሲልዎት አንኳኩ። ቁልፍ አለዎት?»

ሽማግሌው ፊታቸው ሲለዋወጥ ታየ። ቁልፉን አውጥተው መዳፋቸው ላይ ያዙት።

«አንዱን መስጠት ረሳሁ። አይ፣ አልረሳሁም። አልቻልኩም።»

«መቼ ገቡ?»

«ዓርብ፣ ሊመሽ ሲል። ምንም አልነካሁም ልጄ። ኩሽናው ውስጥ ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች የምትውለው እዚያ ነበር።»

«መብራት አበሩ?»

«ሁሉም ጠፍቶ ነበር። በእጅ ባትሪዬ ሳጥኑን አየሁ። ኩሽና በኛም ጊዜ ሦስተኛው ነበር፤ ልጆቹም እዚያው ላይ ‹ኩሽና› ብለው ጽፈውበታል። ደስ አለኝ። ባነሳው ግን ኩሽናው ጨለማ ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ነው ቦግ ያለው።» ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ። «ሠላሳ ዓመት የኖርኩበትን ቤት እንኳ ረሳሁ፣ ይህ እርጅና ነው ብዬ አጥፍቼው ወጣሁ። እንዳልናገር በምን ገባህ እባላለሁ ብዬ አፈርኩ። ተናግሬ ቢሆን…»

ቁልፉን መዳፋቸው ውስጥ ጨበጡት።

«ዓርብ ምሽት ሽቦው ተለውጧል፤ ፕላስተሩ አልተለወጠም» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ቅዳሜ እህታችን ‹ኩሽና› የሚለውን አነሳች፤ ኃይል የገባው ግን ባሏ ወዳለበት መታጠቢያ ቤት ነው። ባሏ ያላትን አደረገች፤ ስሕተት የለባትም። ከዚያ በኋላ ፖሊስ እስኪመጣ ሳጥኑ ፊት የቆመ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ታላቅ ወንድምየው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «እነግረዋለሁ ብዬ ነበር» አለ። «ዓርብ ማታ እነግረዋለሁ ብዬ ተኛሁ። ቅዳሜ ስትጮህ ገና በሩን ሳልፍ ገባኝ። እጄ ዝም ብሎ ወደ ፕላስተሮቹ ሄደ። አላሰብኩትም።»

«ሽቦው ስሕተት ነው፤ ለሱ ሕግም ልብም ያዝናል። ፕላስተሩ ግን ስሕተት አይደለም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ይቅር ብያታለሁ ማለትዎም ስሕተት አይደለም።»

ልብስ ሰፊዋ ከግድግዳው ተላቀቀች። ወደ እሱ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ ስጠራህ ሰምተኸኝ ነበር?»

ራሱን ቀና አላደረገም። «ሰምቼሽ ነበር።»

«ሐኪሙ ወዲያውኑ ነው ያለፈው ብሏል» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «ቶሎ ቢመጣም አያተርፈውም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔ የጠየቅኩት ሰምተኸኝ ነበር ወይ ብዬ ነው።»

መርማሪዋ ታላቅ ወንድምየውን ይዛ ስትወጣ ቀለም ቀቢው ተከትሏቸው ወጣ። አዛውንቱ ቁልፉን ከፍሪጁ ላይ አስቀመጡና በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ይቅር በዪኝ።»

«ቁልፉ ቢቀየር ኖሮ አይገቡም ነበር» አለቻቸው። «ዛሬ የሚያምነኝም አላገኝም ነበር። ይግቡ፣ ትንሽ ይቀመጡ።»

አዛውንቱ ኩሽና ገብተው ወንበር ያዙ። እየመሸ ስለነበር ውስጡ ደንገዝገዝ ብሏል። ልብስ ሰፊዋ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ሳጥኑ ፊት ቆመች። ፕላስተሮቹን አንድ ባንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው፤ የባሏ ጽሑፍ ወደ ግራ ዘመም ይላል። ከዚያ «ኩሽና የሚለውን ብቻ» አለች፣ ለራሷ እንጂ ለማንም አይደለም፤ በቀኝ እጇም አራተኛውን አነሳችው።

ኩሽናው በራ። ፍሪጁ እንደ መንቀጥቀጥ ብሎ መሥራት ጀመረ።

«በርቷል ልጄ» አሉ አዛውንቱ ከውስጥ።

ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው።