የቅበላው በርገር

«እቴቴ! ተይ፣ ተይ፣ አትቁረጪው!»

የምስራች ከጓሮ እየሮጠች ስትደርስ ነገሩ አልፎ ነበር። አክስቷ ጌጤ ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን እየታጠበች ነው። ጠዋት ጎረቤታቸው አያ ፈንታሁን በስመ አብ ብለው የባረኩት ቀይ አውራ ዶሮ ብልት ብልቱ ወጥቶ፣ አሥራ ሁለት ቦታ ሆኖ፣ ሎሚና ጨው በገባበት ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፏል።

«ምን ሆንሽ? እባብ አየሽ?» አለች ጌጤ።

«ለበርገር እኮ ነው! ሥጋው ሳይቆራረጥ ከአጥንቱ ይገፈፋል ተባብለን አልነበር? ስንት ጊዜ በስልክ አሳየሁሽ!»

«እኔ ዶሮ የማውቀው አሥራ ሁለት ሆኖ ነው። አልጨመርሁበት፣ አልቀነስሁበት። ደግሞስ ፈረሰኛው ያለ አጥንቱ ምኑን ፈረሰኛ ሆነ?»

ሌላ ቀን ቢሆን የምስራችም ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ቅበላ ነው። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ከነገ ጀምሮ በዚህ ሰፈር ዶሮ የሚበላ ቢኖር ጭልፊት ብቻ ነው። ፋሲካ እስኪደርስ ደግሞ ማን ቀርቶ ማን እንደሚሄድ በምን ይታወቃል? እናቷ ፍቅርአዲስ «ልመለስ ወይስ ልቅር፣ እስከ ፋሲካ ላስብበት» ብላለች። ይቺ «ላስብበት» የምትል ቃል ከተሰማች ወዲህ የምስራች እንቅልፍ የላትም።

ፍቅርአዲስ ዮርዳኖስ አገር የሄደችው የምስራች ገና ስድስት ዓመቷ ሳለ ነው። ያኔ ልጅቷ ዮርዳኖስ ሲባል የምታውቀው ጌታ የተጠመቀበትን ወንዝ ነበርና እናቷ ወንዙ ዳር የምትኖር ይመስላት ነበር። ለጥምቀት ካህናቱ ውኃውን ሲረጩ በሰው እግር መሐል እየተሹለከለከች ፊት ትቆማለች። በስብሳ ቤት ስትገባ ጌጤ ትቆጣታለች፤ እሷ ግን የእናቷ አገር ውኃ ነክቷታልና ቁጣው ምንም አይመስላትም። ኋላ ነው አማን የሚባል ከተማ፣ እዚያም ውስጥ የሰው ቤት፣ በቤቱም ውስጥ ሊን የምትባል ሕፃን መኖሯን ያወቀችው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ በኢሞ ቪዲዮ ትደውል ነበር። ስልኩን ከቅመም ጠርሙሶቹ ላይ አስደግፋ እያወራች ትሠራለች፤ የቅዳሜ ሥራዋ ደግሞ ለሊን የዶሮ በርገር ነው። የምስራች ከደብረ ታቦር ሆና ሥራውን ከነቅደም ተከተሉ በቃሏ ያዘችው። በርገሩ ሲደርስ ፍቅርአዲስ ቆረስ ታደርግና ወደ ስልኩ ታስጠጋዋለች። «አ በይ፣ የኔ እናት!»

የምስራችም አፏን ትከፍታለች። ምንም አይገባበትም፤ እሷ ግን ታኝካለች፣ ትውጣለች። ጌጤ ከወዲያ ሆና «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» እያለች ትስቅባታለች። እናቷም «ስመጣ በእጄ እሠራልሻለሁ» ትላለች። ክፍል ውስጥ ጓደኛዋ ማሬ ባሕር ዳር በርገር በላሁ ብላ ጉራዋን ስትነፋ እንኳ የምስራች አልቀናችም። «የኔ እናት ስትመጣ ታያላችሁ አቦ፣ የሷን የሚያክል የለም» ነበር መልሷ።

እናቷ ለገና መጣች። ስትመጣ ግን ልቧን ሻንጣ ውስጥ ቆልፋ የመጣች ነው የምትመስለው። ንጋት ላይ ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነሥታ ወጥ ቤት መሐል ትቆማለች፤ ምን ልትሠራ እንደተነሣች ግን አታውቀውም። በርገሩን ሲያነሡባት አንድ ቀን ጾም ነው፣ አንድ ቀን ደክሞኛል፣ አንድ ቀን ሥጋው የሚዘፈዘፍበት እርጎ የለም። የምስራችም መጠየቁን ተወችው። ትናንት ማታ ነው ጌጤ «ኧረ ልጂቱን ሳታበያት ሑዳዴው ሊገባ ነው፤ ምን ዓይነት እናት ነሽ?» ብላ ፊት ለፊት የተናገረቻት። ፍቅርአዲስም ጠዋት ዱቄት ስትነፋ ተገኘች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ይኼን ከየምስራች በቀር ማንም አያውቀውም።

ፍቅርአዲስ ከአማን ይዛው የመጣችው ስልክ ከነቁጥሮቹ መንገድ ላይ ተሰርቆባታል። ስለዚህ ከዚያ የሚመጣ መልእክት ሁሉ የሚገባው ቁጥሩን ቀድማ ለእመቤቷ በሰጠችው በጌጤ ስልክ ነው፤ የጌጤን ስልክ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የምትይዘው የምስራች ናት። ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የድምፅ መልእክት ገብቶ አገኘች። ከፈተችው። የሕፃን ልጅ ድምፅ ነው፤ የሚናገረውም፣ በእግዚአብሔር! አማርኛ ነው።

«ፍቅሪ፣ ነይ። እራት እምቢ አልኩ። ነይ፣ እሹሩሩ በይኝ።»

የምስራች ጆሮዋ ድረስ ጋላት። እሹሩሩው እንኳ የኔ ነበር፣ አለች በልቧ። በርገሩን ውሰጂ፣ ቅዳሜዬን ውሰጂ፣ እሹሩሩዬንም? ከዚያ በኋላ ሌላ ተመሳሳይ መልእክት መጣ። ቀጥሎ እመቤትየዋ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ላከች፤ የምስራች ሁሉንም ባትረዳም «ሊን ታለቅሳለች» እና «ትኬት» የሚሉትን ለይታ ሰማች። አላጠፋቻቸውም፤ ማጥፋቱን ፈራች። የስልኩን ድምፅ ዘግታ ጓዳ አስቀመጠችው።

ማታ ማታ እናቷ «የምስር፣ ከዚያ የመጣ ስልክ የለም?» ትላታለች።

«የለም።»

«እስቲ ደህና አድርገሽ እዪው።»

«አየሁት እኮ። የለም አልኩሽ!»

ፍቅርአዲስ አሁን ሰላጣና ቲማቲም ይዛ ከገበያ ገባች። አሥራ ሁለቱን ብልት አየች፣ እህቷን አየች፣ ፊቷን ያጠቆረችውን ልጇን አየች። ከዚያ ከመጣች ጀምሮ ተሰምቶ የማያውቅ ሣቅ አመለጣት። ዘንቢሉን ጥላ፣ ሆዷን ይዛ ሣቀች።

«ምነው፣ ቀልድ ነኝ?» አለች ጌጤ ተኮፍሳ።

«አይ እቴ ጌጤ! ግድ የለም። ሥጋውን ከአጥንቱ እንፍቀውና በቢላ እንከትክተው። ጠፍጥፈን እንጠብሰዋለን። ደግሞ ያበሻ አውራ ነው፤ ሳይከተከት ቢሆን ኖሮ ጥርሳችንን ያወልቀው ነበር። የምስር፣ ነይ ከጎኔ ቁሚ።»

ቆመች። ሁለቱም ቢላ ይዘው መክተፊያው ላይ ጎንበስ አሉ። የእናቷ ቢላ ፈጣን ነው፤ የሷ ይንቀረፈፋል። ቀስ በቀስ ግን አብሮ መምታት ጀመረ። ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ እንቁላል፣ በሙቀጫ የተወቀጠ ደረቅ ዳቦ ገባበት። ፍቅርአዲስ የልጇን እጅ ያዘችና ሥጋውን መዳፏ ላይ አድቦለቦለችላት። «እንዲህ ጠፍጥፊው። መሐሉን በአውራ ጣትሽ ጎድጎድ አድርጊው፤ ሲጠበስ ያብጣላ።» የምስራች ሆን ብላ አበላሸችው። እናቷ እጇን ድጋሚ እንድትይዛት ነው።

የዳቦው ሊጥ ግን አልነሣም አለ። ፍቅርአዲስ ክዳኑን እየገለጠች ታያለች። «አማን ቢሆን ይኼኔ ከዕቃው ወጥቶ ይሄድ ነበር።»

«በጉና ተራራ ብርድ እንኳን ሊጥ ሰውም አይነሣ!» ጌጤ ዕቃውን ነጠቀቻት። ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ እንደ ታማሚ ጠቀለለችውና ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። ሊጡም እያቅማማ ተነፋ። ድቡልቡሉን ዳቦ በድስት ውስጥ ደርድረው፣ ክዳኑ ላይ ፍም አድርገው ጋገሩት። ቤቱ በዳቦና በጥብስ ሽታ ሲሞላ፣ ለባረኩት ዶሮ የተጠሩት አያ ፈንታሁን ቤቱን በምርቃት አንቀጠቀጡት።

«ይቀመጡ፣ አያ ፈንታሁን» ብላ የምስራች በርጩማ አቀረበችላቸው። በርገራቸው ሲሰጣቸው ግራና ቀኝ አገላበጡት። «ይኼ ነገር ከየት በኩል ነው የሚጀመረው? እንደ ዳዊት ይገለጣል?»

ሁሉም ሣቀ። የምስራችም ሣቀች፤ ዓይኗ ግን የእናቷ እጅ ላይ ነው። የሷ በርገር ተሠርቶ እስኪመጣ እየጠበቀች ነው።

ፍቅርአዲስ ዳቦውን ሰነጠቀች። እንቁላሉንና ዘይቱን መትታ ያዘጋጀችውን ማዮኒዝ ቀባች። ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ቀለበት ቀለበት የተከተፈ ሽንኩርት አደረገች፤ ጥብሱን አስቀምጣ ከደነችው። ከዚያ መልሳ ከፈተችው። ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እየለቀመች አወጣች። አራት ቦታ ቆረጠችው። እፍ እፍ አለችበት። ሳህኑን ልጇ ፊት አስቀምጣ ፎጣ አነሣችና አንገቷ ላይ ልታስርላት እጇን ዘረጋች።

የምስራች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስምንተኛ ክፍል ናት።

«እማዬ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ሽንኩርት እወዳለሁ እኮ።»

የፍቅርአዲስ እጅ ከነፎጣው አየር ላይ ቀረ። «ውይ...» አለች። «ውይ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሊን ሽንኩርት ካየች አትነካውምና...»

«ይቺማ ጥሬውን ነው የምትቆረጥመው» አለች ጌጤ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። የወጣውን ሽንኩርት ሰብስባ የምስራች ሳህን ላይ መለሰችው።

የምስራች አንዱን ሩብ ጎረሰች። ይጣፍጣል። ውጪው ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ይለሰልሳል፤ ስልክ ውስጥ ስታኝከው ከኖረችው አየር ጋር አይገናኝም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ሁለተኛውን ሩብ ግን አላነሣችም። ለካ ስትናፍቅ የኖረችው በርገር አልነበረም። ሽንኩርት እንደምትወድ የምታውቅ እናት ነበር የናፈቃት።

ቀና ብላ አየቻት። ፍቅርአዲስ ፎጣውን ጭኗ ላይ እያጠፈች፣ እየፈታች፣ መልሳ እያጠፈች ነው። የራሷን በርገር አልነካችውም።

«ዛሬም ስልክ የለም አይደል?» አለች፣ ማንንም ሳታይ። «ይሁን። ልጅ ይረሳል። ቶሎ ነው የሚረሳ።»

ይኼን ድምፅ የምስራች ታውቀዋለች። ኔትዎርክ የጠፋ ቅዳሜ፣ ስልኩን አቅፋ ደጃፍ ላይ ስትቀመጥ፣ የራሷ ድምፅ እንዲህ ነበር። ያኔ አንድ ሰው መልእክት ደብቆባት ቢሆን ኖሮ ምን ትለው ነበር? ደግሞስ ልጅ ይረሳል ያለው ማነው? እሷ መቼ ረሳች?

ተነሥታ ጓዳ ገባች። ስልኩን አንሥታ ትንሽ ቆመች። መልሳ ልታስቀምጠው ትችላለች። ጾሙ ያልፋል፣ ሊን ትለምዳለች፣ እናቷም ትቀራለች። ማንም አያውቅም። ተመለሰችና ስልኩን እናቷ ጭን ላይ፣ ፎጣው ላይ አኖረችው።

«እማዬ፣ ስልክ ነበረ። ሦስት ጊዜ። እኔ ነኝ የደበቅሁት።»

ጌጤ «አንቺ ልጅ!» ብላ ጀምራ ዋጠችው። አያ ፈንታሁን በርገራቸው ላይ አቀረቀሩ።

«ከሰማሽው ትሄጂያለሽ ብዬ ነው» አለች የምስራች። ከዚህ በኋላ እንባዋን መያዝ አልቻለችም።

ፍቅርአዲስ አልተቆጣችም። በአንድ እጇ ልጇን ስባ ከጎኗ አስቀመጠቻት፤ በሌላው መልእክቱን ከፈተችው። «ፍቅሪ፣ ነይ» የሚለው ድምፅ ቤቱን ሞላው። እስከ መጨረሻው ሰማችው፣ ከንፈሯን ነክሳ። ልሂድ አላለችም፤ ልቅርም አላለችም። የምስራችን ትከሻ የያዘው እጇ ግን አልላላም።

ደወለች። ብዙ ሳይጠራ ተነሣ። ፀጉሯ የተንጨባረረ፣ ከፊት ጥርሶቿ አንዱ የወለቀ ትንሽ ልጅ ስልኩ ውስጥ ብቅ ብላ ጮኸች። ሁለቱ በዓረብኛም በአማርኛም ተንጫጩ፣ አለቀሱ፣ ሣቁ። በመጨረሻ ሊን ጣቷን ወደ ጎን ቀሰረች።

«ማናት?»

ፍቅርአዲስ ስልኩን ራቅ አድርጋ ሁለቱም እንዲታዩ አደረገች። «ልጄ ናት። የምስራች ትባላለች።»

«ያንቺ ልጅ?» ሊን ዓይኗ ፈጠጠ። ፍቅሪ ልጅ ይኖራታል ብላ አስባ የማታውቅ ናት። የምስራችን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ ዓይኗ ሳህኑ ላይ አረፈ፤ ምን እንደሆነ አወቀችው።

የምስራች ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ከቀሩት ሩቦች አንዱን አነሣችና ዳቦውን ገለጠችው። ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ለቅማ ወደ ራሷ አፍ ከተተችው። ከዚያ እፍ አለችበትና ወደ ስልኩ አስጠጋችው።

«ሊን፣ አ በይ» አለቻት።