ዳክዬ ያላደፈረሰው ውሃ

ካካ ሀርዲያል የተገኘው ከዳክዬዎቹ ገንዳ አጠገብ ተንጋሎ ነበር። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። ቅርጫቱ ከክንዱ አልወጣም፤ ውስጡ ካሉት ትንንሽ ቡናማ እንቁላሎች ግማሾቹ ተሰባብረዋል። የፖሊስ ሳጅኗ ኡላሚላ ከላባሳ ከተማ ተነሥታ ስትደርስ ቀትር አልፏል፤ ከሸንኮራው ማሳ ዳር የተሰበሰበው ሰው ደግሞ ፍርዱን ጨርሶ ነበር።

ገዳይዋ ፉልማቲ ናት፤ አለቀ። ጎህ ሲቀድ ዶሮና ዳክዬውን ከቤት የምትለቅ እሷ፣ ሬሳውን ያገኘች እሷ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ «ሁለቱን አብሮ ማርባት ልማር» ብላ መንደሩ ሁሉ ካካ፣ አጎት እያለ ከሚጠራው ሽማግሌ ግቢ የማትጠፋ እሷ። የጣቢያው አለቃም በሬዲዮ «ሴትዮዋን ይዘሻት ነይ» ብሏል። ኡላሚላ «ይቆራረጣል፣ አይሰማም» ብላ ዘጋችው። ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ብዙ ሰው ሳይመረምር አንድ ቃል ሲሆን ግን ደሟ ይፈላል።

ገንዳው መሬት ውስጥ የተቀበረ የሲሚንቶ ገንዳ ነው። ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል፤ ከመጥራቱ የተነሳ ከታች ያለው ስንጥቅ ይታያል። ላዩ ላይ አንዲት ቢጫ የዶሮ ጫጩት ሞታ ትንሳፈፋለች። ኡላሚላ ከሬሳው ይልቅ ጫጩቷን ብዙ አየቻት።

ፉልማቲን ለብቻዋ ከማንጎው ሥር አስቀመጠቻት።

«ገድለውታል?»

«እሱን ብገድለው እንኳ ጫጩቷን አልገድልም ነበር» አለች ፉልማቲ፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ካካ መጀመሪያ ያስተማረኝ እኮ እሱን ነው። ‹ዳክዬ አፍንጫውን የሚነክርበት ውሃ ካላገኘ ይታመማል፤ ጫጩት ግን ዋና አታውቅም። ጫጩት እስካለ ድረስ ውሃውን ዝቅ አድርጊ፣ ድንጋይም ደርድሪበት፤ የወደቀች ትወጣበታለች› አለኝ። ጠዋት ድንጋዮቹ ነበሩ። አሁን የሉም።»

«ሌላስ ምን አስተማረዎት?»

«ምን ያላስተማረኝ አለ? ዶሮ ቆጥ ላይ ያድራል፣ ዳክዬ መሬት ላይ፤ ከቆጡ ሥር አታስተኚው፣ ኩስ ሲዘንብበት ያድራል። ዳክዬ ጎህ ሳይቀድ እዚያው ጭቃው ላይ ይጥላል። ዶሮ ግን እመቤት ናት፤ ፀሐይ ካልሞቃት አትጥልም። ስለዚህ የዳክዬውን እኔ በጠዋት ሰብስቤ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ እሸጣለሁ፤ የዶሮውን እሱ ረፋድ ላይ ይለቅማል። ዛሬም ሸጬ ስመለስ ነው ወድቆ ያገኘሁት።»

«ሰዉ ሁሉ እርስዎ ነዎት ይላል።»

«ይበል! እኔን ማማት ዛሬ ነው እንዴ የጀመረው? ባሌ ሲሞት ወንድምሽ ቤት ግቢ አሉኝ፤ አልገባሁም። መበለት ዳክዬ ምን ያደርግላታል አሉ፤ ማርባቱን ያዝኩ። ማሰር ከፈለግሽ እሰሪኝ። መጀመሪያ ግን እነዚህ እንስሶች ውሃ ይጠጡ።»

ኡላሚላ ሳቋን ዋጠችና ወደ ጎረቤቱ ወደ አፒሳይ ሄደች። አፒሳይ ከሩቅ ነው የጀመራት።

«አንቺ የሸርጣን በላተኞች ልጅ! ፖሊስ ጠፍቶ ነው አንቺን የላኩት?»

«ካንተ አገር ቢልኩ ኖሮ መንገድ ላይ ተኝቶ ይቀር ነበር» አለችው። የእሷና የእሱ ደሴት ሰዎች ሲገናኙ መሰዳደብ ካያቶቻቸው የወረሱት ወግ ነው፤ ካልተሰዳደቡ ተቀያይመዋል ማለት ነው። «ከሟቹ ጋር ትጣላ ነበር አሉ።»

«በዳክዬዎቹ ነዋ። ቀንድ አውጣውን ለቅመው ሲያበቁ ጎደሬዬን ይረግጡታል። ዛሬም ረፋድ ላይ መንጋው በሙሉ በርግጎ መጣብኝ፤ ሰው ያባረራቸው ነው የሚመስለው። እስካሁንም አልወጡም። ግን ስሚ፣ እጣላዋለሁ እንጂ ለገንዳው ድንጋይ ከወንዝ የተሸከምኩለት እኔ ነኝ።»

ብሪጅላል፣ የሟቹ የወንድም ልጅ፣ በተወለወለ ጫማ በረንዳው ላይ ቆሞ ዓይኑን ይጠርጋል። «ዳክዬ ካመጣ ወዲህ እግሬ ይህን ግቢ ረግጦ አያውቅም፤ ሽታው አይሆነኝም» አለ። «ድሮ ዶሮ ብቻ ነበር። ጎህ ሲቀድ እንቁላል ሲለቅም ነው የመታችው። እኔ ጎህ ሲቀድ ገበያ ነበርኩ፤ ያላየኝ ሰው የለም።»

ሰዓቱን ማንም አልጠየቀውም ነበር። ኡላሚላ የሙዙን ሥር፣ የሸንኮራውን ዳር ስትፈትሽ ቆየች። ከዚያ ሬሳው ተወሰደ፣ የገንዳው ውሃ ተቀድቶ አለቀ፣ አፒሳይ ዳክዬዎቹን ከጎደሬው ነድቶ መለሰ። ሰዉን ሁሉ በገንዳው ዙሪያ አቆመችና ወደ ብሪጅላል ዞረች።

«ወራሹ አንተ ነህ አሉ። እስቲ ውሃ አጠጣቸው።»

ብሪጅላል በቧንቧው ገንዳውን እስከ አፉ ሞላው። ፉልማቲ ከእናታቸው ኋላ የሚንጫጩትን ጫጩቶች በቀሚሷ ሰብስባ ያዘች። ዳክዬዎቹ እየተጋፉ ገቡ።

«ካካ ሀርዲያል በማለዳ ሞተ ብላችኋል» አለች ኡላሚላ። «ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ግን የዶሮ እንቁላል ነው። ዶሮ በዚያ ሰዓት አትጥልም። በማለዳ ቢሆን ጭቃ የለበሰ ትልልቁን የዳክዬ እንቁላል ነበር የምናገኘው። የሞተው ረፋድ ላይ ነው። ረፋድ ላይ ፉልማቲ የት ነበረች?»

ኡላሚላ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረች።

«እኔ ልንገራችሁ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ እንቁላል ትሸጥላችሁ ነበር። እዚህ ከቆማችሁት ስንቶቻችሁ ናችሁ ከእጇ የገዛችሁ?»

አንዲት ሴት ዘንቢሏን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«ሁለተኛው ነገር ውሃው ነው። ስመጣ ጠርቶ ነበር። አሁን እዩት።» ሁሉም አዩ። ዳክዬዎቹ ምንቃራቸውን ጭቃ ውስጥ እየወሸቁ በውሃው ያለቀልቁታል፤ ገንዳው ቡናማ ሆኗል። «ንጹሕ ውሃ በዳክዬ ፊት ዕድሜው ይህችው ናት። እንግዲህ ውሃው የተቀየረው ዳክዬዎቹ በርግገው ወደ ጎደሬው ከሸሹ በኋላ ነው። የቀየረው ሰው ደም ሊያጥብ ነው የቀየረው። ደግሞም የዳክዬን ጠባይ አያውቅም፤ የጠራ ውሃ ማንንም የማያስጠረጥር መስሎታል። ጫጩት ትሞታለች ብሎም አላሰበም፤ ገንዳውን እስከ አፉ ሞላው። አሁን እንደተሞላው ማለት ነው።»

ብሪጅላል ሳቀ። «ገንዳ ውስጥ ድንጋይ የሚደረደርበትን ምክንያት ባላውቅ ነፍሰ ገዳይ ልባል ነው?»



«የቱ ድንጋይ?» አለች ኡላሚላ። «በአንተ ፊት ስለ ድንጋይ ያነሣ ሰው የለም። ገንዳው ውስጥ አንድም ድንጋይ የለም። ዳክዬ ከመጣ ወዲህ ደግሞ እግርህ እዚህ አልረገጠም። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባላል፤ አንተም ጫርክ። ድንጋዮቹን ከሙዙ ሥር አግኝቻቸዋለሁ። አንዱ ላይ የአጎትህ ደምና ሽበት አለበት።»

የብሪጅላል ፊት አመድ መሰለ። ወደ ጫማው አቀረቀረ፤ ጫማው ላይ ዳክዬዎቹ የረጩት ጭቃ ነበር። «ግቢውን ለእሷ እሰጣለሁ አለኝ» አለ በመጨረሻ። «እኔ የወንዝ ዳር ቤት ሠርቼ ላከራይ ስል፣ ለባዳ። ‹እሷ ትማራለች፣ አንተ ግን ሽታው ነው የሚታይህ› አለኝ። ቅርጫቱን ይዞ እየሳቀ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። እጁን ሲያስሩት ሰዉ ከፉልማቲ ፊት ዓይኑን እየመለሰ መበተን ጀመረ። ዘንቢል የያዘችው ሴት ግን ቀረት ብላ «እኛ እኮ ክፉ አስበን ሳይሆን…» አለች።

«አስባችኋል» አለች ፉልማቲ። ሬሳውን ካገኘች ወዲህ ገና አሁን ነው እንባዋ የመጣው፤ ግን አልጠረገችውም። «እኔ ካካን የምወደውን ያህል ከእናንተ አንዳችሁም አልወደዳችሁትም። ነገ ጠዋት የዳክዬ እንቁላል አለኝ። ወደ ማቆሚያው አልወጣም፤ የምትፈልጉ እዚህ በሩን አንኳኩታችሁ፣ እኔን በስሜ ጠርታችሁ ትገዛላችሁ።»

ሬዲዮው ጮኸ። «ሳጅን፣ ሴትዮዋን ይዘሻታል?»

አፒሳይ እያጉረመረመ ከወንዙ አዲስ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣ ነበር። ፉልማቲ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ የደፈረሰው ውሃ ውስጥ ቆማለች፤ ግማሹን ደፍታ ጨርሳለች፤ እጇን ለድንጋዩ ዘርግታለች።

«ሴትዮዋ ሥራ ላይ ናት» አለች ኡላሚላ። «አሁን ደህና ይሰማል?»