የውጭ ድምፅ የማያስገባ

በቤተሰቡ መኪና ውስጥ የሚደመጥ አንድ ተንቀሳቃሽ የሙዚቃ ማጫወቻ እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ውሳኔው ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ድምፅ የሰጠው ሰው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አባትየው። ውሳኔውን በንባብ ያሰማውም ራሱ ነው፣ በእራት ሰዓት፣ ሹካውን እንደ ማይክሮፎን ቀጥ አድርጎ ይዞ።

«የግዢ ኮሚቴው ሰብሳቢ ኢንጂነር ይሆናል» አለ።

ኢንጂነር የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ማዕረጉን ያገኘው በስድስት ዓመቱ የቤቱን ሬዲዮ ፈታትቶ መልሶ መግጠም ያቃተው ዕለት ነበር። ሬዲዮው ዳግም ሳይናገር ቀረ፤ ስሙ ግን ጸና።

«እኔስ? እኔ የኮሚቴው ምን ነኝ?» አለች ጩጬ፣ የሰባት ዓመት እህቱ።

«አንቺ ታዛቢ ነሽ።»

«ታዛቢ ምን ያደርጋል?»

«ዝም ብሎ ያያል» አለች እናትየው ከሳህኗ ቀና ሳትል። «እንደ እኔ።»

አባትየው ሹካውን አወረደ። ስብሰባው በዚሁ ተጠናቀቀ።

አባትየው እንዲህ የሚናገረው ሊቀልድ ብቻ አይደለም፤ ሥራው ነው። የውሃ መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ጸሐፊ ነው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ «ውሃ ጠፍቷል» ብሎ ጽፎ አያውቅም። ውሃ ሲጠፋ «በመስመር ማሻሻያ ሥራ ምክንያት ጊዜያዊ የስርጭት መቆራረጥ» ይሆናል። መቆራረጡ ሳምንት ሲሞላው እናትየው ባዶ ጀሪካን ይዛ በሩ ላይ ትጠብቀውና «ማሻሻያው እንዴት ዋለ?» ትለዋለች። እሷ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። እዚያ «በቀን ሦስቴ፣ ከምግብ በኋላ» ይባላል እንጂ ነገር አይሽሞነሞንም።

ድሮ የሚጣሉት ቤት ውስጥ ነበር። የቤቱ ግድግዳ ግን ከጎረቤት ጋር የተጋራ ነው፤ የሰፈሩ ግማሽ ደግሞ የመድኃኒት ቤቱ ደንበኛ ነው። አንድ ቀን ጎረቤትየዋ የራስ ምታት ክኒን ልትገዛ መጣችና «የእናንተ የማታው ጭቅጭቅ መሰለኝ ያስነሳብኝ» አለቻት። እናትየው ክኒኑን በነጻ ሰጠቻት። ከዚያ ወዲህ ጠቡ ወደ መኪና ተዛወረ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብላ ወደምትኖረው አክስት ይሄዳሉ። የመጨረሻውን የትራፊክ መብራት እንዳለፉ እናትየው የእሷን መስኮት ትዘጋለች፤ አባትየው የእሱን ይዘጋል። መስኮት ተዘጋ ማለት ስብሰባው ተከፈተ ማለት ነው። ሰፈርተኛው ግን ያደንቃቸዋል፤ «ሲያስቀኑ! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሽርሽር» ይላል። የመኪናው ሬዲዮም አንድ ቅዳሜ የአባትየው ቡጢ ካረፈበት ወዲህ አይሠራም። እንደ አባትየው አገላለጽ ምክንያቱ «ቴክኒካዊ እክል» ነው።

በቅርቡ ደግሞ ጠቡም ተቀይሯል። መጮህ ትተው ማንሾካሾክ ጀምረዋል። «ልጆቹስ?» ይላል አንዱ፤ ከዚያ ሁለቱም በመስታወቱ ወደ ኋላ ያዩና ዝም ይላሉ። ኢንጂነር አንድ ነገር እየተወሰነ እንደሆነ ገብቶታል። ምን እንደሆነ ግን አልገባውም።

ስለዚህ የማጫወቻው ነገር ሲነሳ ደስ አለው። ሬዲዮው ደህና በነበረበት ዘመን አራቱም አብረው ይዘፍኑ ነበር። አባትየው ግጥሙን ያሳስት ነበር፤ እናትየው ደግሞ እየሳቀች ታርመው ነበር። ዘፈን ካለ ማን ያንሾካሹካል? ለክፍል ጓደኛው ለዲጄ ነገረው።

«አትሸወድ» አለው ዲጄ። «መጀመሪያ ባትሪውን እይ። ከዛ ቁልፎቹን። በስክሪን ብቻ የሚሠራውን እንዳትገዛ፤ ፋዘርህ ሲጎረጉር ገደል ትገባላችሁ።»

ኢንጂነር የሁሉንም ዘፈን ለብቻ ለብቻ ሰበሰበ፦ እናትየው ልብስ ስትተኩስ የምታንጎራጉራቸውን፣ አባትየው ግጥማቸውን የሚያበላሻቸውን፣ የጩጬን የካርቱን መዝሙሮች ሳይቀር።

ሱቁ ጠባብ ነበር፤ ግድግዳው በስልክ ሽፋንና በገመድ ተሸፍኗል። ሻጩ ማስቲካ የሚያላምጥ፣ ጸጉሩን በቅባት ያቆመ ወጣት ነው። ኢንጂነር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለመኪና ነው። ድምፁ ለአራት ሰው የሚበቃ፤ ቁልፎቹ ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገድ ሳያነሳ ዳብሶ የሚያገኛቸው። ሞተር ጠፍቶ ሲነሳ ደግሞ ካቆመበት ዘፈን የሚቀጥል።»

«አንተ ልጅ ለምን እዚህ አትቀጠርም?» አለ ሻጩ። ከመደርደሪያው ጡብ የምታክል ጥቁር ማጫወቻ አወረደ። «ይቺ እሳት ናት። ፊት ለፊት ትቀመጣለች፤ መኪናው ራሱ ይጨፍራል።»

ኢንጂነር ወደ አባቱ ዞረ። አባትየው ማጫወቻዋን አላያትም።

«በጆሮ ማዳመጫ የሚደመጥ የለህም?» አለ። «ለአንድ ሰው የሚሆን።»

«ለአንድ ሰው? አባ፣ ለመኪና ነው ብለህ አልነበር?»

«መኪና ውስጥ ነዋ የምታዳምጠው። መንገዱ እንዳይሰለችህ ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ ሻጩ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የውጭ ድምፅ ያስገባል?»

ስለ ባትሪው አልጠየቀም። ስንት ዘፈን እንደሚይዝም አልጠየቀም። ኢንጂነር ጡብ የምታክለዋን ማጫወቻ መልሶ ወደ ሻጩ ገፋት። ማጫወቻው ለምን እንደሚገዛ አሁን ገባው፤ የሚገዛው እንዲሰማ ሳይሆን እንዳይሰማ ነው።

ሻጩ የክብሪት ቀፎ የምታክል ማጫወቻ አወጣ። «ማጫወቻዋ አንድ ናት፤ የሚለየው ማዳመጫው ነው። ሁለት ዓይነት አለኝ። ሞክረው።»

የመጀመሪያው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ትልቅ ነው። ኢንጂነር ገና ሲያጠልቀው፣ ዘፈኑ ሳይጀምር፣ ሱቁ ጸጥ አለ። የመንገዱ ጥሩንባ ጠፋ፤ የሻጩ መንጋጋ ያለ ድምፅ ያላምጣል። አባትየው ከኋላው ሄዶ ቆመ። ኢንጂነር በዕቃ ማሳያው መስታወት ውስጥ የአባቱን ምስል አየው፤ አፉ ተከፍቶ ተዘጋ።

«አቤት አባ?» አለና ዞረ።

የአባትየው ፊት ወደቀ። «ያስገባል» አለ።

«እንዴት ተደርጎ!» አለ ሻጩ። «ይሄ እኮ ቤት ቢፈርስ አያሰማም!»

«ሰማኝ እኮ! ልጁን ጠይቀው።»

«ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው» አለ ኢንጂነር። ዓይኑን እንኳ አላሸም።

ሁለተኛው ጆሮ ውስጥ የሚሰካ ቀጭን ነገር ነው። ሲሰካው የሻጩ ማስቲካ ሲላመጥ ሳይቀር ይሰማዋል። ዘፈኑ ሲጀምር በአውራ ጣቱ አጠፋው።

«ኢንጂነር!» አለ አባትየው ከኋላ።

ኢንጂነር አልዞረም።

«ኢንጂነር! አንተ!»

አንድ መንገደኛ ሴት ደንግጣ ወደ ሱቁ ገባ ብላ አየች። ኢንጂነር የስልክ ሽፋኖቹን አንድ በአንድ በጽሞና ተመለከተ። አባትየው መጥቶ ትከሻውን ነካው፤ ፊቱ ከወር በኋላ ውሃ እንደመጣለት ሰው በርቶ ነበር።

«ይሄን ስጠን» አለው ሻጩን።

ቅዳሜ የመጨረሻውን መብራት አለፉ። ኢንጂነር ማዳመጫውን ሰካ፣ የማጫወቻዋን መብራት አበራ፤ ዘፈን ግን አልከፈተም። ራሱን ለሌለ ዘፈን ይነቀንቅ ጀመር። ጩጬ ትከሻው ላይ ተደግፋ ተኝታለች።

«እርግጠኛ ነህ አይሰማም?» አለች እናትየው።

«ሱቅ ውስጥ ፈትኜዋለሁ። እዪ እንዲያውም፦ ኢንጂነር! ካልሲህ መኪናውን ገደለው!»

ኢንጂነር መነቅነቁን ቀጠለ። እናትየው ፍንድት ብላ ሳቀች። ሳቋን ከሰማ ቆይቷል፤ አብሯት ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ መስኮቶቹ ተዘጉ።

«ቤቱን አየሁት» አለች። «አንድ ክፍል ነው። ለሥራዬ ቅርብ ነው።»

«እንግዲህ ጊዜያዊ ነገር ነው፤ ሁኔታዎች እስኪስተካከሉ...»

«ጊዜያዊ አትበለኝ። እኔ ቧንቧዬ የደረቀብኝ ደንበኛህ አይደለሁም። መለያየት ነው። በላ፣ መለያየት በል።»

አባትየው አላለም። ማርሽ ቀየረ።

«ጩጬን እኔ እወስዳታለሁ» አለች። «አንድ አልጋ ይበቃናል።»

«እሱስ?»

«እሱን አንተ ያዘው።»

«እኔ እናቴ ቤት ሶፋ ላይ ነው የማድረው። የት አስቀምጠዋለሁ?»

«እኔስ የት አስቀምጠዋለሁ?»

ኢንጂነር ራሱን መነቅነቅ ረሳ። ትዝ ሲለው ከበፊቱ አፍጥኖ ጀመረ። አንገቱን አመመው።

«እህትሽ ጋ ይሁን» አለ አባትየው። «የጓሮው ክፍል ባዶ ነው። ትምህርት ቤትም አጠገቧ አለ። ዛሬ ስንደርስ አንሺላት።»

«ነግሬያታለሁ።»

«መቼ?»

«ባለፈው በስልክ። ይምጣ፣ ትልቅ ልጅ ነው፣ ያግዘኛል ብላለች።»

«አየሽ! እሱ ችግር የለበትም። ጠያቂ ልጅ አይደለም። ጩጬን እዚያ ሂጂ ብንላት ግን...»

«ጩጬማ ታለቅሳለች» አለች እናትየው፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «ለእሱ መቼ ነው የምንነግረው?»

ኢንጂነር የሚፈልገው ይሄን ነበር። መቼ? ከፈተና በፊት ነው ወይስ በኋላ? ወይስ ዛሬ ማታ ሦስት ሆነው ሊመለሱ ነው? አባትየው መልሱን ለማሳመር አፉን ሲያሟሽ ትከሻው ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጩጬ ዓይኗን ከፍታለች። ስሟን ሰምታ ነው የነቃችው። እጅጌውን ጎተተች።

«ኢንጂነር» አለች በሹክሹክታ። «እኔ ለምንድን ነው የማለቅሰው?»

ፊት ያሉት አልሰሟትም። እንዳልሰማ ሆኖ ራሱን ቢነቀንቅ የአባቱን መልስ ያገኛል፤ ግን ጩጬም ታገኘዋለች። ማዳመጫውን ካወለቀ ደግሞ ሁለቱም በመስታወት ያዩታል፣ ዝም ይላሉ፣ ቀኑንም አያውቅም። ጩጬ ጠበቀችው። መልስ ስታጣ ወደ ፊት ተንጠራራች፤ ጥያቄውን ለእናቷ ልታቀርብ ነው።

ኢንጂነር ማዳመጫውን ከሁለቱም ጆሮው ነቀለ። አንዱን በቀኟ፣ አንዱን በግራዋ ሰካላት። እናታቸው ስትተኩስ ከምታንጎራጉራቸው አንዱን መረጠ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ጨመረው። ጩጬ መጀመሪያ ዘለል አለች፤ ቀጥሎ ፊቷ በራ። ከዚያ፣ ጆሮው የተደፈነ ሰው እንደሚያደርገው፣ የራሷን ድምፅ ሳትሰማ በሙሉ ጉሮሮዋ መዝፈን ጀመረች። ዜማውም ግጥሙም ሌላ ነበር።

የአባትየው ዓይኖች መስታወቱ ውስጥ መጡ፤ ጩጬን አዩ፣ የኢንጂነርን ባዶ ጆሮዎች አዩ። መኪናዋ ፍጥነት ቀነሰች። ከኋላ አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ አልፏቸው ሄደ።

«ለምን አወለቅከው?» አለ አባትየው።

ኢንጂነር በጩጬ ጆሮ ላይ ያለውን ማዳመጫ አስተካከለ።

«አንተን እኮ ነው። ባትሪው አልቆ ነው? ተበላሸ?»

«አልተበላሸም።»

እናትየው ከወንበሯ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረች። እጇን ወደ ጉልበቱ ዘረጋች፤ ኢንጂነር ጉልበቱን ወደ በሩ ሰበሰበ።

«የኔ ልጅ» አለች፤ ጩጬ እየዘፈነች ስለሆነ ደግማ ጮክ ማለት ነበረባት። «የኔ ልጅ፣ ከየት ጀምሮ ነው የሰማኸው?»

ኢንጂነር በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ነው።

«ንገራት እንጂ!» አለ አባትየው። ድምፁ እንደ መግለጫ ሊጀምር ፈልጎ መሀል ላይ ተሰበረ። «ቢያንስ ለምን እንዳወለቅከው ንገረን።»

«አወለቅኩት» አለ ኢንጂነር። «ለምን እንደሆነ አልናገርም።»