የኣብረኸት ቢፐር

ውድ አንባብያን፣ ዕድሜዬ ሰማንያ ስምንት ነው። በዚህ ዕድሜ ተረት ፈጥሮ ሰው ማስደንገጥ ነውር ነው። የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትንና በመዳፌ የዳሰስሁትን ብቻ ነው።

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር 1996፣ ወርኃ ኅዳር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ቦታው አሜሪካ፣ ሮዝቪል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው አፓርታማችን።

ባለቤቴ ኣብረኸት ልቧ ደክሞ ነበር። ሌላ ልብ ካልተተከለላት የሚኒሶታን ብርድ አትሻገርም አሉን።

መጀመሪያ የተመዘገበችው ከወንዙ ማዶ ባለ ትልቅ ሆስፒታል ነው። ስሙን አልጠራም። ልብ ሲገኝ የምትጠራበት፣ እየተርገበገበች የደዋዩን ቁጥር የምታሳይ ጥቁር ቢፐር ሰጧት። ስትተኛ እንኳ ከመቀነቷ አትፈታትም ነበር።

ነገር ግን እዚያ ተዋረድሁ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ አስቀመጡን። ሐኪሙ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል፣ «ጌብ» ብሎ ጠራኝ። እኔን ገብረኣብን... አስመራ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ሳለሁ ዳኛ እንኳ «አቶ» ሳይል የማይጠራኝን ሰው።

በሳምንቱ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ወዳለ ትንሽ ሆስፒታል ወሰድኋት። የዚያ ሐኪም ገና በር ላይ ሲያየን ብድግ አለ። እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ሙሉ ስሜን እስኪያስተካክል ድረስ ደጋግሞ ተለማመደው።

«ይህ አሳዳጊ ያልበደለው ሰው ነው» አልሁ በልቤ።

ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ትማር የነበረችው ልጄ ኣዲያም ወረቀት ዘርግታ ለመነችኝ፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ። ትልቁ ሆስፒታል በዓመት ሠላሳ ልብ ይተክላል። ትንሹ ባለፈው ዓመት የተከለው ሦስት ነው። እጅ የሚፈታው በሥራ ነው፤ ብዙ በሚሠሩበት ዘንድ ብዙ ሰው ይተርፋል አለችኝ።

«ባባ፣ ቁጥሩን ብቻ እይ፣ ፕሊስ።»

«ሥጋ ቤት አይደለም፣ ብዙ ያረደ የሚመረጥበት» አልኋት።

ኣብረኸት ሳቀች። ሳቋን ሳል አቋረጠው። እርሷን ግን ማንም አልጠየቃትም።

ዝውውሩ ተፈረመ። የመጀመሪያይቱን ቢፐር መመለስ ይገባኝ ነበር። እነዚያን ሰዎች ዳግም ላለማየት ስል ባትሪዋን አወጣሁ፤ በኣብረኸት ነጭ መሐረብ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁባት።

«ቢጠሩኝስ?» አለች በሹክሹክታ።

«አይጠሩሽም። ባትሪዋን አውጥቻለሁ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ትንሹ ሆስፒታል ጠራን። ልብ ተገኝቷል።

ስንገባ ቀትር ነበር፤ መተላለፊያው ግን ጨለማ። ነርሷ ከፊታችን እየሄደች መብራቱን አንድ በአንድ አበራችው። ጸጥታውን እንደ ክብር ቈጠርሁት...

በክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ የካቲት ላይ ቆሟል።

ወለሉን ትወለውል የነበረች ዙለይሃ የምትባል የወሎ ሴት በአማርኛ ሰላም አለችን። ኋላም እጅጌዬን ሳብ አደረገችው።

«አባባ... ይሄ ክፍል ልብ ለሚተከልላቸው ብቻ ነው። መጨረሻ ሰው የተኛበት ረመዳን ላይ ነው።»

«እንግዲያ ንጹሕ ነው ማለት ነው» አልኋት።

«ንጹሕስ ንጹሕ ነው...»

ባልዲዋን አንሥታ ሄደች።

ኣብረኸት ሰምታለች። ወደ ቀዶ ጥገናው ሲወስዷት እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«አንተን አከበሩህ... እኔንስ ያድኑኛል?»

አልጋው ተገፋ።

ልቡ ተተከለ። ሁለት ቀን መታ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰውነቷ አልቀበልም ብሎ ይገፋው ጀመር። ነርሷ ወፍራም መመሪያ ዘርግታ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እየጎተተች ታነብ ነበር። ገጽ ትገልጣለች። ኣብረኸትን ታያለች። ደግሞ ትገልጣለች...

ሐኪሙ ስልክ አንሥቶ ምክር ጠየቀ።

የጠየቀው ከወንዙ ማዶ ያለውን ትልቁን ሆስፒታል ነበር።

ኣብረኸት ዓይኗን ገለጠች።

«መሐረቤን አምጣልኝ» አለች። «ነጩን።»

ኣዲያም ድራይቭ አድርጋ ወደ ሮዝቪል ወሰደችኝ።

ቁልፉን መሳቢያው ላይ ስሰካ የግድግዳው ሰዓት ልክ ዘጠኝ ይላል።

ድው... ድው... ድው...

«ባባ... ያ ምንድን ነው?»

መሳቢያውን ሳብሁት። መሐረቡ ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል። እንደተኛ ሰው ደረት።

ፈታሁት። ቢፐሯ በመዳፌ ላይ ትርገበገባለች። ትሞቃለች። ገለበጥኋት፤ የባትሪዋ ቤት ባዶ ነው። በመስኮቷ ላይ ግን ቁጥር በርቷል። ኣዲያም ጎንበስ ብላ አነበበችው።

የትልቁ ሆስፒታል ስልክ ነበር።

ድው...

ድው......

ድው.........

ዝም አለች።

ወዲያው የቤቱ ስልክ ጮኸ። ኣዲያም አነሣችው። ፊቷን አየሁ፤ ኣብረኸት ማረፏን አወቅሁ።

ስንመለስ ሐኪሙ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ያን ቀንም እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ሙሉ ስሜን አንድም ፊደል ሳይስት ጠራኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜን ሙሉ አድርጎ የሚጠራኝ ሰው ያስፈራኛል።

ኣብረኸትን በመሐረቧ ልሸኛት ፈልጌ ነበር። ኣዲያም አትንካው አለችኝ። መልሼ ቢፐሯን ጠቀለልሁበት።

ዛሬ ያረፈችበት ዕለት ነው። ኣዲያም በዚህ ቀን ወደ ቤቴ አትመጣም። መሳቢያውን ከፍቼ፣ ወረቀቴን ከጎኑ አድርጌ እጽፋለሁ።

ሰዓቱ ዘጠኝ ሆነ።

መሐረቡ... ከፍ አለ።

ጠረጴዛውን ተደግፌ ለኣብረኸት ብድግ ብያለሁ። ይህን የመጨረሻ መስመር የምጽፍላችሁ ቆሜ ነው።